የአንድ ዩሮ ብርሃን

ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ለከርሞ» ስንል ኖርን፤
ጡረታ ስንወጣ ከትሪየስቴ ባቡር ተሳፈርን።
እኔ መጽሐፍ ይዤ፣ ቀይ መስመር አስምሬ፣
ጉልላት ከሐውልት በየተራ ቆጥሬ፤
ኤርሲሊያ ግን፣ ሚስቴ፣ ካርታም አልያዘች፣
«አፍንጫዬ ይምራኝ» ብላ ተከተለች።

ቦሎኛ ስንደርስ ዝናቡ ወረደ፤
ከተማው ግን ጥላ ይዞ የተወለደ፣
ቅስት ከቅስት ጋር ትከሻ ገጥሞ
መንገደኛን ሁሉ ያሳልፋል ቆሞ።
ዘመም ያለውን ግንብ ላሳያት ብጣራ፣
እሷ ተለጥፋለች ከአንድ መስኮት ጋራ፤
ከመስኮቱ ወዲያ ነጭ ሽርጥ ያሰረች ሴት፣
ኖርማ ናት ስሟ፣ ሰማንያ ያለፋት፣
ሊጡን እንደ ሻሽ ስስ አድርጋ ዘርግታ፣
እንደ ምስጢር ቋጥራ፣ ቁንጣሪ ሥጋ ከታ፣
በትንሿ ጣቷ እየጠቀለለች
በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሃያ ቀለበት አሰረች።
«ግንቡ ዘጠኝ መቶ ዓመት ቆሞ አልወደቀ፣
ሾርባው ግን...» ኤርሲሊያ ሳቀች፤ ጉዳዩ አለቀ።

ፍሎረንስ ላይ ሰልፍ። ከሰልፉ ኋላ ሰልፍ።
ፀሐዩ አናት ይበላል፤ ሰዓቱ አያልፍ።
የጉልላቱ ትኬት ለዛሬ ተሸጧል፤
የደብሩ ፊት ለፊት በሸራ ተጠቅልሏል፤
«ጥገና ላይ ነው» ይላል አንድ ሰሌዳ፣
እኔም ደጅ ቀረሁ እንደ ዘገየ እንግዳ።
«ና!» ትለኛለች ከዱቾ ጋሪ ሥር፤
የላም ጨጓራ በዳቦ፣ አረንጓዴ ድልህ ሲጨመር፣
መረቁ ከክርኗ ሲወርድ እንደ ክር።
ቀመስኩት። ዳቦው ጨው የለውም። ደነገጥኩ።
«ረሳችሁት እንዴ?» ዱቾን ጠየቅኩ።
«ጨዉ መረቁ ውስጥ ነው፤ ዳቦው ዝም ይበል፤
ሁለቱም ካወሩ ማን ማንን ይሰማል?»
ያን ቀን ስለ ሥዕል አንድ ነገር ገባኝ፤
ልናገር ስል ግን ዳቦው አፌን ዘጋኝ።

ሲዬና አደባባይዋ እንደ ዛጎል ጎድጉዶ፣
ሰው ሁሉ ተጋድሟል በጡቡ ሙቀት ነዶ።
እኛም ጫማ አውልቀን ተጋደምን እዚያው፤
መጽሐፌን ትራስ አደረገችው።
ማታ የቀረበው የለውዝና የማር ደረቅ ኬክ
ለጥርሴ ከጡቡ ባሰ፤ አስገደደው ሊንበረከክ።

በመጨረሻው ቀን፣ ስፖሌቶ፣ ዳገት ላይ፣
ማንም የማይጎበኛት ትንሽ ደብር ስናይ፣
ገባን። ድቅድቅ ጨለማ። የሰም፣ የእርጥበት ሽታ።
ከጥጉ የብረት ሣጥን፣ አፏን ከፍታ፦
«አንድ ዩሮ ለመብራት።» ጨመርኩ። ቿ አለ።
ግድግዳው በቀለም ድንገት ተቃጠለ።
ሰማያዊ ካባ፣ የወርቅ አክሊል፣ ክንፍ፣
የመላእክት ጉባኤ ከወለል እስከ ጣሪያ ጫፍ፤
ገና ቀና ብዬ አንዱን ክንፍ ሳልጨርስ፣
ቿ! ብሎ ጨለማው ቦታው ሲመለስ፣
ኪሴን ብዳብስ ቁልፍና ደረሰኝ አገኘሁ፤
ከ«ብርሃን» ላይ «ብር» ጎድሎ «ሃን» ይዤ ቀረሁ።

ያኔ ከኋላችን የከዘራ ኮቴ፤
ቿ! በራ። ደነገጠች ሚስቴ።
አንድ ሽማግሌ ነው፤ ኤቫሪስቶ ይባላል፤
ሐሙስ ሐሙስ ከገበያ ሲመለስ ጎራ ይላል፤
አንድ ዩሮ አለችው ከሽንኩርት የሚያተርፋት፣
ለዚህ ግድግዳ ቀለብ አድርጎ የሚቆርጣት።
«ክንፉን ተዉት» አለን፤ «ክንፍ ሁሉም ያያል።
ከታች፣ ከግራ በኩል፣ ያ እግር ይበልጣል።»
አየን። የአንዱ መልአክ የአውራ ጣት ጥፍር
ቆሽሿል፣ እንደ አራሽ፣ በጥቁር አፈር።
«እሱ የዚህ ሰፈር ልጅ ነው» አለ ኤቫሪስቶ፣
ቿ! ከጨለማው ውስጥ ድምፁ ብቻ ቀርቶ።

ከረጢቱ ተፈታ፤ ከደረጃው ቁጭ አልን፤
የአሳማ ጥብስ ለሦስት በቢላ ቆረጠልን።
ዳቦው እዚህም ጨው የለውም። ዝም አልኩ።
ኤርሲሊያ አየችኝና ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ።
መጽሐፌን ገለጥኩት፤ ስለዚያች ደብር አንድ መስመር የለም።
ኅዳጉ ላይ አውራ ጣቴን አተምኩ፤ ስብ ነው እንጂ አይደለም ቀለም።